ሳይጠሩት አቤት

ግንቦት አልቆ ሰኔ ሲጠባ በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንድ ዓይነት ስብሰባ ይበረክታል። ስምንት ዘጠኝ ሰው ረዥም ጠረጴዛ ከቦ ይቀመጣል፤ በያይነቱ ይመጣል፤ ከቡናው በኋላ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ማስታወሻ መያዝ ይጀምራል። አጀንዳው በክረምቱ አገር ቤት ገብቶ መምህራንን በነፃ ማሠልጠን ነው። ማን ስንት ሻንጣ ይይዛል? የካኔቴራው ቀለም ምን ይሁን? ፕሮጀክተሩን ማን ይሸከም? ሁለት ሰዓት ሙሉ ይወራል። እኔም ከእነዚህ ጠረጴዛዎች ባንዱ ተቀምጬ አውቃለሁ፤ ፕሮጀክተሩን የተሸከምኩትም እኔ ነኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች የማነሣው ዱላ መጀመሪያ የሚያርፈው በራሴ ጀርባ ላይ ነው።

በእነዚያ ስብሰባዎች ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው፣ ሁሉም ግን የሚያምንበት ሐሳብ አለ። ቅን ልብና እውቀት ካለህ፣ በዚያ ላይ የአገሩ ልጅ ከሆንክ፣ ሌላው እዚያው ይስተካከላል የሚል። ፈረንጅ ቢሆን ቋንቋውንና ባህሉን ማጥናት ነበረበት፤ እኛ ግን ተወልደን ያደግንበት ነው፣ ምን ዝግጅት ያሻናል? ዝግጅት የምንለው ቢጫ ካርድ ማሳደስ፣ ቲኬት መቁረጥ፣ እስክሪብቶና ደብተር መሰብሰብ ነው። እኔ ይህን እምነት መምህሩን መናቅ እለዋለሁ። ንቀቱ በፍቅር ተጠቅልሎ ስለሚመጣ የተናቀው ሰው እንኳ ለመቆጣት ይቸገራል።

ከቀን መቁጠሪያው ልጀምር። የአሜሪካ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በበጋቸው ስለሆነ፣ ልጆቻችንም ያን ጊዜ እረፍት ላይ ስለሚሆኑ፣ ጉዟችን ሐምሌ ላይ ይወድቃል። ሐምሌ ደግሞ የኢትዮጵያ ትምህርት ቤት ባዶውን የሚውልበት ወር ነው። መምህር ልትረዳ ሄደህ ሲያስተምር አታየውም። ወንበሩ ተደራርቧል፤ ሰሌዳው ላይ የሰኔ ፈተና ፕሮግራም እንደተጻፈ ቀርቷል፤ በግቢው ሣር በቅሏል። መምህሩስ የት አለ? ከፊሉ ዲፕሎማውን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ በክረምት መርሃ ግብር ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ራሱ ተማሪ ሆኗል። ከፊሉ የቤተሰብ እርሻ ላይ ነው። ከፊሉ የሰው ልጅ እያስጠና የወሩን የቤት ኪራይ ያሟላል። በዚህ መሐል ርዕሰ መምህሩ ደውሎ “ከአሜሪካ እንግዶች መጥተዋልና ሰኞ እንድትገኙ” ይለዋል። ይመጣል። እንግዳ እንዴት ይናቃል?

የአበል ነገር የሚነሣው ያኔ ነው። የእኛም ሰዎች ቅር የሚሰኙት ያኔ ነው። “እኛ በገዛ ገንዘባችን ከባሕር ማዶ ስንመጣ እነሱ አበል ይጠይቃሉ!” ይህችን ዓረፍተ ነገር በጆሮዬ ሰምቻታለሁ፤ በአፌም ብያታለሁ። አሁን ሳስባት ታሳፍረኛለች። ሰውዬው ከሚኖርበት ቀበሌ ወረዳው ከተማ ድረስ በባጃጅና በሚኒባስ መጥቷል። አምስት ቀን ሙሉ ምሳውን ከኪሱ ሊበላ ነው። ክረምቱን የሚያገኛትን የማስጠናት ገንዘብ ትቷታል። ከእኛ ውስጥ ደግሞ ብዙዎቻችን የመጣነው በዓመት ፈቃድ፣ ደመወዛችን እየተቆጠረ ነው። እንግዲህ በዚያ አዳራሽ ውስጥ በጎ ፈቃደኛው ማን ነበር?

በ2011 ዓ.ም. ክረምት ሰባት ሆነን ጉራጌ ዞን ውስጥ ወዳለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄድን። ሠላሳ ያህል መምህራን ተሰብስበው ጠበቁን። እኔ ያዘጋጀሁት ስለ አሳታፊ የማስተማር ዘዴ የሚያወራ ስልሳ ስላይድ ነበር። መብራቱ የቆየው እስከ አሥራ አንደኛው ነው። ከዚያ በቃሌ ቀጠልኩ፦ ተማሪ ተኮር፣ የቡድን ውይይት፣ ጥያቄና መልስ። መምህራኑ በትሕትና ማስታወሻ ይይዙ ነበር። ምን ይጽፉ እንደነበር አላውቅም፤ “ተማሪ ተኮር” የሚለው ቃል ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ያልተነገረው መምህር በዚያ ክፍል ሊኖር አይችልም። እኔ ራሴ ኮሌጅ ሳለሁ ጠዋት ማታ የተሰበክሁት ነው። የተሰበክሁትን ተሸክሜ አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ለባለቤቶቹ መለስኩላቸው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት አንደኛ ክፍል አማርኛ የምታስተምር አንዲት መምህርት እጇን አነሣች። “ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት” አለች። “የእኔ ልጆች ቤታቸው ጉራግኛ ነው የሚናገሩት። ቃል ሳጽፋቸው ሀሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ፣ ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ ያቀያይሩብኛል። ልጁ የሰማውን ድምፅ በትክክል ጽፏል። ኤክስ ላድርግበት ወይስ ልለፈው? ኤክስ ካደረግሁበት ገና ማንበብ የጀመረው ልጅ ይደናገርብኛል። ካለፍኩት ደግሞ ሦስተኛ ክፍል ሲገባ ሌላ መምህር ይቀጣዋል።”

መልስ አልነበረኝም። አገር ቤት ሳለሁ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ መምህር ነበርኩ፤ አንደኛ ክፍል የገባሁት በተማሪነት ብቻ ነው። የአንደኛ ክፍሉን አማርኛ መጽሐፍ ገልጬ አላየሁም። የመምህሩን መምሪያማ ጭራሽ። “በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው” አልኩና በቡድን እንዲወያዩበት አዘዝኩ። አሳታፊ ዘዴ እንዲህ ለመደበቂያም ያገለግላል! በዚያ ሳምንት እኛ ሰባታችን ከተናገርነው ሁሉ ያቺ ጥያቄ ትበልጥ ነበር፤ ለመልሷ ደግሞ አንዳችንም አልተዘጋጀንም። ጥያቄዋ ሰኔ ላይ በስልክ ደርሳኝ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ ሞክሼ ፊደላትን እንዴት እንደሚያስተዋውቅ አያለሁ፣ የቋንቋ ሰው እጠይቃለሁ፣ እዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆቻችን ፊደል የሚያስቆጥሩትን እናቶች አማክራለሁ። ማንም ግን አልጠየቃትም። ስብሰባችን ላይ ስለ ካኔቴራው ቀለም ሃያ ደቂቃ ተከራክረናል።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ልዙር፤ ምክንያታቸው ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለምና። ብዙ ጊዜ የሚቀርብልኝ የአሜሪካ የሰላም ጓዶች (ፒስ ኮር) ታሪክ ነው። “ገና ከኮሌጅ የወጡ፣ ሰሌዳ ፊት ቆመው የማያውቁ ልጆች መጥተው አባቶቻችንን አላስተማሩም ወይ?” ይሉኛል። አስተምረዋል። ታሪኩን ግን እስከ መጨረሻው እናንብበው። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ኢትዮጵያ የገቡት ወደ 280 የሚጠጉ ወጣቶች ከዚያ በፊት የነበረውን ክረምት በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ አሳልፈዋል፤ ካጠኑት አንዱ አማርኛ ነበር። ዛሬ እኛ ዝግጅት አያስፈልገንም ብለን ከምንሰበሰብበት ምግብ ቤት ጆርጅታውን በመኪና ሩቅ አይደለም። ከገቡ በኋላም የተመደቡት ለሁለት ዓመት ነው። ስማቸው የክፍለ ጊዜ ድልድል ላይ ሰፈረ፤ ፈተና አወጡ፣ አረሙ፣ ማርክ ሞሉ። አገሪቱ የጎደላት የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበር፤ እነሱም የመጡት ያንን ክፍት ቦታ ሊሞሉ ነው። ሳያስተምሩ አስተማሪ እናስተምር አላሉም። እንዲያም ሆኖ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኢትዮጵያ ተማሪ “ይውጡልን” ብሎ ተሰልፎባቸዋል። ሁለት ዓመት የኖረውን የተቃወመ አገር የሁለት ሳምንቱን በእልልታ የሚቀበል ይመስላችኋል?

የአገር ውስጡን ምሳሌም አንርሳ። በ1950ዎቹ ማገባደጃ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመያዛቸው በፊት አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ወርደው እንዲያገለግሉ ግዴታ ነበረባቸው። አብዛኞቹ የሠሩት በመምህርነት ነው። በገዛ አገራቸው፣ ለአንድ ዓመት! የአገር ልጅነት ጊዜን የሚያሳጥር መስሎ የታየው ሰው አልነበረም።

መምህሩን ሳይጠይቁ መርዳት ምን እንደሚመስል ደግሞ እኔ ከሰሌዳው ጥግ ቆሜ ያየሁት ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገባ። ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት እየመጣ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ቴሌቪዥን ይሰጥ ጀመር። እኔ የሒሳብ መምህሩ መግቢያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተሰጠኝ። በተረፈው በር አጠገብ እቆማለሁ። በቴሌቪዥኑ ያለው አስተማሪ “አሁን ሥሩት” ብሎ ዝም ይላል፤ ልጆቹ ጥያቄውን ገልብጠው ሳይጨርሱ መልሱን ይናገራል። ማቆም አይቻልም፤ ማስደገም አይቻልም። አንድ ተማሪ ዘወር ብሎ በዓይኑ ይለምነኛል፤ እኔም በዓይኔ “ምን ላድርግህ” እለዋለሁ። መብራት ሲጠፋ ብቻ መምህር እሆናለሁ። ፕላዝማውን ያመጡት ሰዎች ክፉ ነበሩ አልልም፤ ጥራት ያለው ትምህርት ለገጠር ልጅ ሊያደርሱ ነበር ሐሳባቸው። በር አጠገብ የሚቆመውን ሰው ግን አልጠየቁትም። ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ እኔው ራሴ ፕሮጀክተር ተሸክሜ መሄዴን ሳስብ፣ ሰው የተደረገበትን በሰው ላይ ለመድገም ምን ያህል እንደሚፈጥን ይገርመኛል።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ መሆኑ ሲሰማ፣ በየከተማው የዲያስፖራ ቡድን ተቋቋመ። ድንጋጤው ተገቢ ነው። ከድንጋጤው የተደረሰበት ድምዳሜ ግን “መምህሩ አያውቅም፣ እናሠልጥነው” ሆነ። አንድ ክፍል ውስጥ ስድሳና ሰባ ልጅ መኖሩን፣ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ሲጀመር መጽሐፉ በቂ ሆኖ ስላልታተመ ብዙ መምህራን በስልካቸው ከቴሌግራም ያወረዱትን ፒዲኤፍ ሰሌዳ ላይ ሲገለብጡ መዋላቸውን ማን ጠየቀ? በአማራ ክልልም በጦርነት ምክንያት በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች እስከ መዘጋት ደርሰዋል፤ እዚያ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ማስተማር ዘዴ ሊሆን አይችልም። ደግሞስ ሥልጠና ጠፍቶ ነው? መምህሩ በዓመት 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ እንዲያደርግ ይጠበቅበታል፤ እቅዱ አለ፣ ማኅደሩ አለ፣ ትምህርት ቤቶች የሚገናኙበት የጉድኝት ማዕከል አለ፣ ሱፐርቫይዘር አለ። ሁሉም በደንብ ይሠራል አልልም። እኛ ግን መኖሩን ሳናውቅ ነው ከጎኑ ሌላ የምናቆመው። ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የትብብር ደብዳቤ ሊያስጽፍ የገባ ሰው እንኳ “ለዘንድሮ ምን አቅዳችኋል?” ብሎ ሲጠይቅ አልሰማሁም።

ሻንጣውስ? እያንዳንዳችን 23 ኪሎ የሚመዝን ሁለት ሁለት ሻንጣ ይዘን ነበር፤ አብዛኛው መጽሐፍ ነው። በውስጡ በረዶ የሚያድቦለብሉ ልጆች፣ ዱባ ቀርጸው ሻማ የሚያበሩ ልጆች፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ከመጽሐፉ ይልቅ ዕጣ ፈንታው ይገርማል። ርዕሰ መምህሩ ተቀብሎ አመሰገነ፤ ፎቶ ተነሣን፤ ንብረት ክፍሉ በሞዴል 19 መረከቢያ ደረሰኝ ገቢ አደረገው። ንብረት አንድ ጊዜ ሞዴል 19 ከተቆረጠለት ቢጠፋ ተጠያቂው ፈርሞ የተረከበው ሰው ነው። ታዲያ የትኛው ንብረት ክፍል ነው ለስምንት ዓመት ልጅ አውጥቶ የሚሰጠው? መጽሐፎቹ ተቆልፎባቸው ተቀመጡ። ንብረት ክፍሉን ሰነፍ አትበሉት፤ ደመወዙን እየጠበቀ ነው። ይህን ማወቅ ዝግጅት ነው፤ ከመሄድ በፊት አንድ የስልክ ጥሪ ይበቃው ነበር።

“ምንም ካለማድረግ ጥቂትም ቢሆን ማድረግ ይሻላል” የሚለው ደግሞ የመጨረሻው ምሽግ ነው። አይሻልም። ጥቂቷ ነገር ዋጋ አላት። የክረምት ቲኬት ብዙ ጊዜ ከሺህ ዶላር በላይ ነው፤ በሰባት አባዙት። ሠላሳ መምህር አምስት ቀን ማለት መቶ ሃምሳ የሥራ ቀን ነው። ከገንዘቡም ከቀኑም የሚከፋው ግን የእምነት መጉደል ነው፤ ባዶ ሥልጠና የወሰደ መምህር በሚቀጥለው ጊዜ በእውነት የሚጠቅም ሰው ቢመጣለት እንኳ ደብተሩን ይዞ የሚቀመጠው ለፊርማው ነው። ከእኛ በኋላ ለሚመጣው በሩን እየዘጋንበት ነው ማለት ነው።

መሄድ ይቅር አልልም። የተሻለ አካሄድ መኖሩን የሚያሳይ ነገር በቅርብ አለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሃየር ዲፕሎማ የሚባለው ፕሮግራም በመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ሲጀመር፣ የእንግሊዙ ድርጅት የቪ.ኤስ.ኦ. በጎ ፈቃደኞች ኮሌጆቹ ባሉባቸው ከተሞች ይኖሩ ነበር። ሥልጠናው ዓመት ሙሉ ይፈጃል፤ ሠልጣኙ የሚመረምረው የራሱን ክፍል ነው። ውሎ አድሮም መሪነቱ ወደ ኢትዮጵያውያኑ ዞረ። ስለ ፕሮግራሙ የሚያማርር መምህር ታገኛላችሁ፤ ወረቀት ይበዛበታል ይላሉ። ቢሆንም ሲጀመር ማን እንደሚረከበው ታስቦ ነበር።

ሁላችንም ሥራ ትተን ዓመት መቀመጥ እንደማንችል አውቃለሁ። የቤት ብድር አለ፣ ልጅ አለ። ስለዚህ የጊዜውን ማነስ በዝግጅት ርዝመት ማካካስ አለብን፤ ሁለት ሳምንት የሚሄድ ሰው ስድስት ወር ይዘጋጅ። ወደ አንድ ትምህርት ቤት፣ ለአንድ የትምህርት ዓይነት፣ ለአንድ ክፍል መምህራን ይሂድ። የክፍሉን መጽሐፍና የመምህሩን መምሪያ ከዳር እስከ ዳር ያንብብ። መምህራኑን በቴሌግራም አግኝቶ ሥራቸውን ያዳምጥ፤ አንዷ የአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜዋን በድምፅ ብትልክለት ከማንኛውም የሥልጠና ሰነድ ይበልጥ ያስተምረዋል። ከዚያ ያንኑ ትምህርት እዚሁ ቅዳሜ ትምህርት ቤታችን ገብቶ በጠመኔ ብቻ ይሞክረው፤ ያለ ስላይድ፣ ያለ ታብሌት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ብዙ ትዕቢት ይወጣለታል። ወሩንም ይቀይር። በታንክስጊቪንግ ሳምንት ሥራ ይቀዘቅዛል፤ በኛ ኅዳር ነው፤ ትምህርት ቤቱ ሞቅ ብሎ የሚሠራበት ጊዜ ነው። መምህሩ ሲያስተምር ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይመልከት፤ እየተፈራረቁ ያስተምሩ። ከሁሉ በላይ ግን ጥሪው ከመምህሩ ይምጣ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ሰው በአገራችን መቼም ተወዶ አያውቅም፤ ዶላር ስለያዘ ዝም ይባላል እንጂ። መምህራኑ “መምጣቱን ተዉትና የፈተና ማባዣ ወረቀትና ቀለም ብትልኩልን” ካሉም እሺ ብሎ መቅረት አገልግሎት ነው።

ያቺን መምህርት ከብዙ ጊዜ በኋላ ደውዬ አገኘኋት። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ሳቀች። ለጥያቄዋ መላ ያገኘችው ራሷ ነበረች፦ የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት በሞክሼ ፊደል ማንንም አታርምም። ከዚያ በኋላ በተደጋጋሚ የሚመጡትን ቃላት በካርቶን ላይ ጽፋ ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች፤ ልጁ የጻፈውን ከግድግዳው ጋር አስተያይቶ ራሱ ያርማል። ኤክስ የሚባል ነገር ከክፍሏ ጠፍቷል። ይህን የሚያውቅ ሌላ ትምህርት ቤት በአካባቢው የለም። የእኔ ሥራ ምናልባት ይህንኑ ወደ ጎረቤት ትምህርት ቤት እንድታደርስ የመጓጓዣዋን መሸፈን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ዘንድሮ እሷና ሦስት ባልደረቦቿ ና ብለውኛል፤ ለኅዳር። አራት ጥያቄ ልከውልኛል፤ ሁለቱን መልሻለሁ፤ ሁለቱ ገና እጄ ላይ ናቸው። እስከ ጥቅምት ካልተዘጋጀሁባቸው አልሄድም። ቲኬቱን የቆረጥኩት ገንዘቡ የሚመለስ ዓይነት ነው።